አሮጌ መልክ፣ አዲስ ሞተር

አንባቢ ሆይ፤ ከደመወዝህ ቈጥበህ፣ የጐደለውንም ከባንክ ተበድረህ፣ መልኩ የአያቶችን ዘመን የሚያስታውስ አዲስ ሞተር ብስክሌት ገዝተሃል እንበል። ገንዘቡ ተከፍሏል፤ ወረቀቱ ተፈርሟል፤ ቁልፉም በመዳፍህ ውስጥ ነው። ይሁን እንጂ ከሱቁ በር እስከ ቤትህ ደጃፍ ድረስ ገና አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይቀርሃል። ስለ ሞተር ብስክሌት ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ፍጥነቱና ስለ ዋጋው ነው፤ ስለዚህች አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ዛሬ የምንጫወተው ስለ እርስዋ ነው። («አንተ» እያልሁ መጻፌ ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ ነው እንጂ፣ ሞተር የምትነዳ እኅታችንም ነገሩ ለእርስዋም መሆኑን ታውቅልኛለች።)

ነገሩን በደፈናው ከማውራት አንድ የታወቀ ሞተር ይዘን ብንነጋገር ይሻላል። ይኸውም ሮያል ኤንፊልድ ክላሲክ 350 የተባለው ነው። ይህ ሞተር የሚሠራው በደቡብ ሕንድ፣ ቀድሞ ማድራስ ዛሬ ቼናይ በምትባለው ከተማ አቅራቢያ ነው። ከእኛ አገር ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ሕንድ የሄደ ተማሪ፣ ወይም መሥሪያ ቤቱ ለተጨማሪ ትምህርት የላከው ሠራተኛ፣ ስሙን ባያውቀው እንኳ ድምፁን ሳይሰማ አልቀረም፤ ቡና እንደሚወቀጥበት ሙቀጫ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ የሚለው እርሱ ነው። ስለዚህ መንገዳችንን በአንዲት የሕንድ ከተማ ውስጥ እናደርገዋለን። አዲስ አበባ ላይ ሆነህ የምታነብ እንደ ሆነ ግን፣ ከተማዋ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በሞተር ብስክሌት ላይ ገደብ ጥላ እንደ ነበረ ታስታውሳለህና፣ ከመግዛትህ በፊት በጊዜው ያለውን ደንብ ጠይቅ።

የሞተሩን መልክ ለመረዳት ታሪኩን ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ሮያል ኤንፊልድ የተወለደው በእንግሊዝ አገር፣ ሬዲች በምትባል፣ መርፌ በመሥራት በታወቀች ከተማ ነው። ኩባንያው ኤንፊልድ ላይ ለነበረው የመንግሥት የጠመንጃ ፋብሪካ ዕቃ ያቀርብ ስለ ነበረ ስሙን ከዚያ ወሰደ፤ «እንደ ጠመንጃ የተሠራ» የሚል መፈክርም አወጣ። የመጀመሪያ ሞተር ብስክሌቱን የሠራው በ1901 ነው። «ቡሌት»፣ ማለት «ጥይት»፣ የሚለውን ስም ለአንዱ ሞተሩ የሰጠው ደግሞ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። ሕንድ ነፃነቷን ካገኘች በኋላ ሠራዊቷ ለድንበር ጥበቃ የሚሆን ጠንካራ ሞተር ሲፈልግ ባለ 350ውን ቡሌት መረጠ። በ1955 ማድራስ ላይ ከሕንዶች ጋር ሽርክና ተፈጠረና ሞተሩ እዚያው መገጣጠም ጀመረ፤ እያደርም ዕቃው ሁሉ እዚያው ይሠራ ጀመር።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሚያስደንቅ ነው። የሬዲቹ ፋብሪካ በ1967 ተዘጋ፤ የእንግሊዙም ኩባንያ ብዙ ሳይቈይ ከገበያ ጠፋ። የማድራሱ ልጅ ግን አባቱ እንደ ሞተ ያልሰማ ይመስል ያንኑ ሞተር መሥራቱን ቀጠለ። በ1977ም ቡሌትን ወደ እንግሊዝ አገር መላክ ጀመረ። ፋሽኑ አልፎ፣ ጃፓኖች ቀላልና ፈጣን ሞተር ዓለምን ባጥለቀለቁበት ጊዜ፣ የሕንድ ወታደርና ፖሊስ፣ ወተት በጋን ጭኖ የሚያዞር ነጋዴም በዚያው በቡሌት ይመላለስ ነበር። ስለዚህ ይህ መልክ ለአውሮፓዊ የሙዚየም ትዝታ ሲሆን፣ ለሕንዳዊ ግን የአጎቱ ወይም የሰፈሩ ፖሊስ ሞተር ነው።

ያ አሮጌው ቡሌት ባሕርይ ነበረው። ማርሹ በቀኝ እግር፣ የኋላው ፍሬን በግራ እግር ነበር፤ ይኸውም ዛሬ ካለው ልማድ ተቃራኒ ነው። ለማስነሣት በመሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ማንሻ ጨብጠህ፣ የታመቀውን አየር አስተንፍሰህ፣ የአምፔሩ መርፌ መካከል ላይ ስትደርስ በእግርህ በኃይል መርገጥ ነበረብህ። ልክ ካልሆነልህ እርሱም መልሶ ይረግጥሃል። ዘይት ማንጠባጠቡን ባለቤቱ እንደ ነውር አይቈጥረውም፤ ዘይት መኖሩ የሚታወቀው በዚያ ነው ብሎ የሚቀልድም ነበረ።

ክላሲክ የሚለው ስም በ2009 ሲወጣ፣ በ2021ም ፈጽሞ በአዲስ መልክ ሲሠራ፣ ፋብሪካው የጠበቀው ያንን የውጭ መልክ ነው። የቤንዚን ማጠራቀሚያው እንደ እንባ ጠብታ ወደ ኋላ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ከፊት መብራቱ ግራና ቀኝ እንደ ነብር ዓይን የሚያበሩ ሁለት ትንንሽ መብራቶች አሉ፤ የጭቃ መከላከያው ሰፊ የብረት ቆርቆሮ ነው። ውስጡ ግን ሌላ ነው። 349 ሲሲ የሆነው አንድ ሲሊንደር 20 የፈረስ ጉልበት ያህል ይሰጣል። ቤንዚኑን የሚለካው ካርቡራቶር ሳይሆን በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ መርጫ ነው፤ መንቀጥቀጡን የሚያበርድ ሚዛን የሚጠብቅ ዘንግ ተጨምሮለታል። የፊት ፍሬኑ ዲስክ ነው፤ ጎማው እንዳይቈለፍ የሚከላከል መሣሪያም አለው። በእግር መርገጥ ቀርቷል፤ በአውራ ጣትህ ቁልፍ ስትነካ ይነሣል። ማርሹም እንደ ሌላው ሁሉ ወደ ግራ እግር ተዛውሯል።

ይህን ዓይነቱን ነገር ማታለል ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልልም። የኤሌክትሪክ ምጣድን ተመልከት። ከሥሩ እንጨትና ጭስ የለም፤ ላዩ ግን ክብና ከሸክላ የተሠራ ነው፤ ለምን ቢባል እንጀራ ክብ ስለሆነ፣ ሸክላም ለእንጀራ ስለሚስማማ ነው። የጥንቱ ቅርጽ ዛሬም ሥራ ካለው ቅርጹን መጠበቅ ማታለል አይደለም። ቀጥ ብለህ የምትቀመጥበት የክላሲክ ወንበር፣ ሰፊው መሪ፣ ዝግ ባለ ዙር የሚጐትተው ሞተር፣ ለከተማ መንገድ ዛሬም የተመቹ ናቸው። አንዳንዱ ጌጥ ግን አልዋጥልህ ይለኛል። ለምሳሌ ትራያምፍ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ፣ በ1959 ቦንቪል ብሎ ያወጣውን ሞተር ስም አዲስ በተሠራ ሞተር ላይ መልሶ ሲያወጣ፣ ኋላ ካርቡራቶሩን አስወግዶ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መርጫ ገጠመና የመርጫውን ሽፋን የካርቡራቶር ቅርጽ ሰጠው። ይህ እንግዲህ በኤሌክትሪኩ ምጣድ ጎን ላይ ጥላሸት በቀለም እንደ መሳል ነው። ሰውን አይጐዳም፤ እኔን ግን ያስቀኛል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አሮጌ መልክ ያለው ነገር የዋህና ዝግተኛ ይመስላል። ሹል አፍንጫ ያለውን፣ እንደ ተርብ የሚጮኸውን ዘመናዊ ሞተር የሚፈራ ወጣት፣ ክላሲኩን ሲያይ «ይህስ የሽማግሌ ሞተር ነው» ብሎ ልቡ ይዝናናል። እውነት ነው፤ ፈረሱ ሃያ ብቻ ነው። ክብደቱ ግን 195 ኪሎ ነው። ይህም ማለት ሁለት ኩንታል ሊሞላ አምስት ኪሎ የቀረው ብረት በሁለት ጎማ ላይ አቁመህ፣ አውቶቡስና ሦስት ጎማ ባጃጅ፣ ላምና የተማሪ ሰልፍ በሚሻሙበት መንገድ ልትወስደው ነው። በ2022 በሕንድ መንገዶች ላይ ከ168 ሺህ በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ከመቶው አርባ አራት የሚያህሉት በባለ ሁለት ጎማ የሚሄዱ ነበሩ። የመልኩ የዋህነት ከዚህ ቍጥር ማንንም አያስጥልም።

እስቲ አሁን ወደ ሱቁ እንመለስ።

ሕንድ አገር አዲስ ሞተር ያለ በረከት ከሱቅ አይወጣም። ቢጫ የአበባ ጉንጉን በመሪው ላይ ይንጠለጠላል፤ በማጠራቀሚያው ላይ ቀይ ዱቄት ይቀባል፤ ኮኮናት ይሰበራል፤ ከፊትና ከኋላ ጎማ ሥር አንዳንድ ሎሚ ይደረግና ሞተሩ ጨፍልቆ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ይኸውም የሰው ዓይን እንዳያገኘው ነው። ጣፋጭም ይታደላል። የሰው ዓይን ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለምና በዚህ የሚገረም አበሻ ያለ አይመስለኝም። ሃይማኖትህ የማይፈቅድልህ ከሆነ በትሕትና መናገር ይበቃል፤ ማንም አይቀየምም። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፎቶግራፉ ከተነሣ በኋላ ጉንጉኑን ከመሪው አውልቀህ በቦርሳህ አስቀምጠው። አበባው የተሰካበት ክር ከፊት ጎማ ወይም ከፍሬኑ ገመድ ጋር ቢጠላለፍ በረከቱ ወደ ሌላ ይለወጣል።

ደስታ ዓይንን ይጋርዳል፤ ስለዚህ የሻጩ ፈገግታ ሳያስቸኩልህ ሞተሩን ዙረህ እየው። በሻንሲውና በሞተሩ ላይ የተቀረጸው ቍጥር በወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን በጣትህ እየተከተልህ አንብብ፤ አንዲት አኃዝ የተሳሳተች እንደ ሆነ ኋላ ለማስተካከል ስንት ቢሮ እንደምትመላለስ፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነህና፣ እኔ አልነግርህም። ጎማው ጎን ላይ አራት አኃዞች በአንድ ላይ ታገኛለህ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ያመለክታሉ። መብራቱን፣ ክላክሱን፣ የፍሬን መብራቱን ሞክር። ካቴናው እንደ ክራር አውታር የተወጠረ እንዳይሆን፣ ተንዘላዝሎም እንዳይወርድ ተመልከት። ጎማው ተነፍቶ እንደ ሆነ አስለካ፤ ከፋብሪካ ወደ ሱቅ ሲጓጓዝ ነፋሱ ከልኩ በላይ ወይም በታች ሆኖ ሊቀር ይችላልና።

ስለ ገንዘቡም አንድ ነገር ላንሣ። በሱቁ መስታወት ላይ የተለጠፈው ዋጋና ሞተሩ መንገድ ላይ እስኪወጣ የምትከፍለው ዋጋ አንድ አይደሉም፤ የመመዝገቢያ ግብርና መድን ይጨመርበታል። ሕንድ ውስጥ ከ2018 መስከረም ጀምሮ አዲስ ሞተር ብስክሌት የሚገዛ ሰው የሦስተኛ ወገን መድን ለአምስት ዓመት በአንድ ጊዜ እንዲገባ ተደንግጓል። ይህን ያላሰበ ወጣት የመጨረሻ ሳንቲሙን ለሞተሩ አራግፎ ይወጣና የራስ ቁር መግዣ ያጣል። ክላሲክ 350 በ2021 ሲወጣ ርካሹ 184 ሺህ ሩፒ ገደማ ሲሆን፣ በክሮም ያሸበረቀው 215 ሺህ ገደማ ነበር። ሞተራቸው አንድ ነው! ከርካሹ የጐደለ ግን አንድ ቁም ነገር አለ፤ የኋላ ፍሬኑ ከበሮ ነው፤ እንዳይቈለፍ የሚከላከለውም መሣሪያ ለፊት ጎማ ብቻ ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር መካከለኛውን ግዛ፣ ክሮሙ ይቅርብህ የሚል ነው። ለክሮሙ ከምትከፍለው በተረፈው የታወቀ የደረጃ ምልክት ያለበት የራስ ቁር፣ የእጅ ጓንቲና ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ይገዛል። ክሮም በዝናብ ወራት ይዝጋል፤ ቁርጭምጭሚት ግን ሲሰበር ምን እንደሚሆን አንተው ታውቃለህ። የራስ ቁር በአደጋ ጊዜ የመሞትን ዕድል ከመቶ 42 ያህል፣ ራስ የመጐዳትን ዕድል ከመቶ 69 ያህል እንደሚቀንስ ብዙ ጥናቶችን ሰብስበው የመዘኑ ሐኪሞች አረጋግጠዋል። ይህም የሚሆነው ማሰሪያው ከአገጭ ሥር ከታሰረ ነው፤ በክንድ ላይ አንጠልጥለው የሚሄዱት ክንዳቸውን እየጠበቁ ነው።

እንግዲህ ማን ይንዳው? ባለ ማርሽ ሞተር ነድተህ የማታውቅ ከሆንህ፣ መልሱ አጭር ነው፤ አንተ አይደለህም። የሚያውቅ ጓደኛህ ይንዳው፤ አንተ በባጃጅ ተከተለው። በዚህ የሚያፍር ሰው አለ። ሙሽራ ሠርጉ ዕለት መኪናውን ራሱ አይነዳም፤ ማንም አላፈረበትም። ትምህርቱንም በዚህ ሁለት ኩንታል ብረት ላይ አትጀምረው፤ መቶ ኪሎ በማይሞላ ትንሽ ሞተር ላይ ባዶ ሜዳ ፈልገህ ጀምር። የሕንድ ሕግም ማርሽ ላለው ሞተርና ለሌለው የተለያየ ፈቃድ እንደሚጠይቅ አትርሳ። መንዳት የምታውቅም ብትሆን ከኢትዮጵያ የሄድህ ከሆነ እጅህና ዓይንህ የለመዱት የቀኝ መንገድ ነው፤ ሕንዶች ግን እንደ እንግሊዞች በግራ ነው የሚሄዱት። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይህ ችግር አይሆንም። አስቸጋሪው ከማደያ ወይም ከግቢ ስትወጣ ነው፤ ሐሳብህ ሌላ ቦታ ሲሄድ እጅህ ወደ ለመደው ወገን ይታጠፋል። ጓደኛህም «የኋላውን ወንበር እኔ ልመርቅልህ» ቢል፣ የዛሬውን ይቅር በለው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የሞተሩን ሚዛን፣ የፍሬኑንም ርቀት ይለውጣል፤ አንተ ደግሞ ብቻህን ስትሆን እንኳ ምን እንደሚመስል ገና አላወቅህም።

የምትወጣበትን ሰዓት ምረጥ። ሱቁ ሞተሩን እያጠበ፣ ወረቀቱን እያዘጋጀ ውሎ፣ ልክ ሠራተኛው ሁሉ ከሥራ በሚፈታበት፣ ፀሐይም ዓይን በምትወጋበት ሰዓት ሊያስረክብህ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ «ነገ ጠዋት መጥቼ እወስደዋለሁ» ለማለት ድፍረት ይኑርህ። ይህን ያህል ዘመን የጠበቅኸው ሞተር አንዲት ሌሊት ቢያድር አይሰረቅም።

ከሱቁ ስትወጣ የመጀመሪያ ጉዞህ ወደ ቅርቡ ማደያ ነው። ማጠራቀሚያው 13 ሊትር ይይዛል፤ ሱቁ ግን የሚሰጥህ ወደ ማደያው የሚያደርስህን ጠብታ ነው። ሞተር ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ሲበር ነው ብለህ ታስብ ይሆናል። አዲስ ሞተር ግን የሚወድቀው ቆሞ ነው፤ ያውም ማደያ ውስጥ። እንዴት ቢሉ፣ ነጂው ዝግ ብሎ ይመጣል፤ ወደ ቀጂው ዘወር ይላል፤ መሪው እንደ ተጣመመ የፊት ፍሬኑን ይጨብጣል። ሞተሩ የፊት ጎማው ወደ ዞረበት ወገን ያጋድላል። አንድ እግር መሬት ላይ ዘይት ይረግጥና ያዳልጠዋል። 195 ኪሎ አንድ ጊዜ ካጋደለ ደግሞ የሰው ክንድ አይመልሰውም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ልትቆም ስትል መሪውን አቅና፤ የመጨረሻዋን አንድ ሜትር በኋላ ፍሬን ጨርሳት፤ የምትረግጠውን መሬት አስቀድመህ እየው። ያም ሆኖ ቢወድቅ ልቀቀው እንጂ እግርህን ከሥሩ አታድርግ። የታጠፈ ብረት ይቃናል።

መንገድ ላይ ከወጣህ በኋላ አዲስ ጎማ ገና ለስላሳ መሆኑን አስብ። ላዩ ትንሽ እስኪፋቅ ድረስ፣ ማለት የመጀመሪያዎቹን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል፣ በኵርባ ላይ ብዙ አታጋድለው። የፍሬኑም ሸራ ከዲስኩ ጋር ገና አልተዋወቀም፤ ስለዚህ ከመኪና ኋላ ስትሄድ ርቀትህን ከተለመደው እጥፍ አድርገው። ፍሬን ስትይዝ የሞተሩና የአንተ ክብደት ወደ ፊት ይሄዳል፤ ስለዚህ ብዙውን ሥራ የሚሠራው የፊት ፍሬን ነው። ብስክሌት ስንነዳ «የፊቱን አትንካ፣ ይገለብጥሃል» እየተባልን ያደግን ሰዎች ይህ አይዋጥልንም። መደንገጥና መጨበጥ ነው የሚገለብጠው፤ እየጠበቀ የሚሄድ አያያዝ ግን ያቆማል። ላም ብትገባብህም ላሚቱን አትይ፤ ልታልፍ የምትችልበትን ክፍተት እይ። የሰው እጅ ዓይኑን ይከተላል፤ ላሚቱን አፍጥጦ ያየ ላሚቱን ይመታል።

ሌላው ጉዳይ ሞተሩን ማለማመድ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ክርክር አለ። አንዱ «ዘመናዊ ሞተር ማለማመድ አያስፈልገውም» ይላል፤ ሌላው «አምስት መቶ ኪሎ ሜትር እንደ ዔሊ ንዳ» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሲሊንደሩ ውስጥ ፒስተኑን የከበቡ፣ መካኒኮቻችን ፋሻ የሚሏቸው ቀለበቶች አሉ። እነዚህ ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ፈጽመው እስኪገጥሙ ድረስ እርስ በርሳቸው መፋተግ አለባቸው። ሞተሩን በጣም ካስጮኸኸው ሙቀቱ ይበዛል፤ በአንድ ዙር ላይ ብቻ ረጅም መንገድ ካስኬድኸው ወይም ዝግ ባለ ዙር በከባድ ማርሽ ካስጨነቅኸው ደግሞ መግጠሙ በደንብ አይሆንም። ስለዚህ ዙሩን ከፍ ዝቅ እያደረግህ፣ ማርሹን በጊዜው እየለወጥህ መንዳት ነው። ከዚህ አንጻር ከሱቅ ወደ ቤት ያለው የከተማ መንገድ፣ ቆም ሄድ የሚያደርገው፣ ከረጅሙ አውራ ጎዳና ይሻላል። የፍጥነቱን ልክ ከሞተሩ ጋር የሚሰጥህ መጽሐፍ ይነግርሃል፤ ከጓደኛህ ይልቅ እርሱን እመን። በ500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ዘይቱ ሲለወጥ መካኒኩን «ላየው» በለው። በፀሐይ ብርሃን ስታየው በውስጡ የደቀቀ የብረት ዱቄት ሲያብለጨልጭ ልታገኝ ትችላለህ፤ አትደንግጥ፤ ያ ዱቄት የመተዋወቁ ምልክት ነው፤ ዘይቱ በወቅቱ የሚለወጠውም ይህን ጠርጎ እንዲያወጣ ነው።

አሮጌውን ቡሌት ያውቁ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ምናልባት ይመጡና «ጠዋት ጠዋት ሩብ ሰዓት ቆሞ ይሙቅ» ብለው ይመክሩህ ይሆናል። በእርሳቸው ዘመን ካርቡራቶር ነበረና ምክሩ ቦታ ነበረው። ያንተው ሞተር የሚጠይቀው ዘይቱ እስኪዞር አንድ ደቂቃ ያህል፣ ከዚያም የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች በእርጋታ መሄድን ነው። ምክራቸውን ባትሠራበትም ቁጭ ብለህ ስማቸው፤ መልኩን የገዛኸው ከእርሳቸው ዘመን ነውና።

ቤትህ ስትደርስ የሰፈሩ ልጆች አስቀድመው በድምፁ አውቀው ይከቡሃል። ሁሉም መንካት፣ መቀመጥ ይፈልጋል፤ አትከልክላቸው። ሞተሩን አጥፋው፤ አንደኛ ማርሽ ላይ አስገብተህ ጠንካራ መሬት ላይ በመደገፊያ እግሩ አስደግፈው፤ አፈሩ ለስላሳ ከሆነ ከመደገፊያው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርግ። ማርሚታው በቀኝ በኩል ነው፤ አምስት ደቂቃም ነድተኸው ቢሆን የልጅ ቆዳ ያቃጥላል፤ እንደዚያ አብረቅርቆ ሲያዩት ደግሞ መጀመሪያ የሚነኩት እርሱን ነው። ስለዚህ ልጆቹን ወደ ግራ ጎን ሰብስባቸው፤ ተራ አስይዘህ አንድ በአንድ በግራ በኩል እያነሣህ አስቀምጣቸው፤ ክላክሱንም አንድ አንድ ጊዜ ይንፉ።